እዝነት ድክመት ነው ወይ?

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



በዚህ ሳምንት አንድ ወንድም በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ኡስታዝ፣ ሰው ሲበድለኝ ዝም እያልኩ ነው ያደግኩት። አሁን በኢንተርኔት የማነባቸው ሰዎች አዘኔታ የደካሞች መደበቂያ ነው፣ ጠንካራ ሰው ደካማውን ይረግጣል እንጂ አያዝንለትም ይላሉ። ሐራም እንደሆነ አውቃለሁ። ውሸት መሆኑን ግን አስረዳኝ።»

ጥያቄው ልቤን ነካው። «ሐራም ነው፣ አታንብብ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። እሱ ግን ሐራምነቱን ያውቃል፤ የጠየቀው ለምን ውሸት እንደሆነ ነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ብቻውን የሚብሰለሰል ወጣት ብዙ ስለሆነ መልሱን ለሁላችሁም ልጽፈው ወደድኩ።

የላከልኝን ጽሑፍ ሳየው ሐሳቡ ከየት እንደተቀዳ ገባኝ። በእንግሊዝ አገር የተነሳ «ኦርደር ኦፍ ናይን አንግልስ» የሚባል ቡድን አለ፤ የዘጠኝ ማዕዘናት ሥርዓት ማለት ነው። ጽሑፎቹ የወጡት «አንቶን ሎንግ» በሚል የብዕር ስም ነው። ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ልበል፦ ራሳቸውን የሸይጧን ተከታይ ከሚሉት ብዙዎቹ ሸይጧንን እንደ ምልክት ብቻ የሚያዩና ወንጀልን የሚያወግዙ ናቸው። ይህ ቡድን ግን እነዚያን «ለስላሶች» ብሎ ይንቃቸዋል። በእሱ ትምህርት ሰው ከፍ የሚለው ማንኛውንም የሥነ ምግባር ድንበር ሲጥስ ነው፤ ሰው መግደልን ጨምሮ። «ደካማውን ከሰው ዘር መልቀም» ይሉታል። የሚገደለው ሰውም በድክመቱ ራሱን ያስመረጠ ነው ይላሉ።

እስቲ ረጋ ብለን እንጠይቃቸው።

መጀመሪያ፣ ደካማ ማን እንደሆነ የሚወስነው ማነው? ራሱ ገዳዩ ነው። ክሱንም ፍርዱንም መስፈርቱንም የያዘው እሱ ነው፤ በመስፈርቱም ሁልጊዜ የሚያልፈው እሱ ነው። ይህን ክርክር እኛ እናውቀዋለን። ኢብሊስ ለአደም ስገድ ሲባል ያቀረበው ምክንያት ይኸው ነበር፦ እኔ ከእሳት፣ እሱ ከጭቃ፣ ስለዚህ እኔ እበልጣለሁ (አል-አዕራፍ 12)። ልብ በሉ፣ ኢብሊስ አላህን አልካደም፤ መኖሩንም ፈጣሪነቱንም ያውቃል። ያጠፋው «እኔ እበልጣለሁ» የሚለው ሚዛን ነው፤ ሚዛኑን የሠራውም የሚመዘነውም እሱ ራሱ ነበር። ቡድኑ «አዲስና ምስጢራዊ ጥበብ» እያለ የሚያቀርበው የመጀመሪያውን ትዕቢት ነው።

ሁለተኛ፣ «ተፈጥሮ ራሷ ደካማን ታጠፋለች» ይላሉ። እሺ፣ እንቀበላቸው። ታዲያ ይህን የጻፈው ሰው እንዴት ለመጻፍ በቃ? ሲወለድ አንገቱን ቀና ማድረግ አይችልም ነበር። ያጠባችው፣ ሌሊት እየተነሳች ያቀፈችው፣ ሲያተኩሰው የጨነቃት ሴት በእሱ ሕግ ብትመራ ኖሮ የመጀመሪያውን ሳምንት አያልፍም ነበር። ጭካኔን የሚሰብክ ሰው ሁሉ ለስብከት የደረሰው በእዝነት ላይ ቆሞ ነው። አላህ በሱረቱ ሩም 54 ላይ ከድክመት እንደፈጠረን፣ ከድክመት በኋላ ብርታት እንደሰጠን፣ ከብርታት በኋላ ደግሞ ወደ ድክመትና ሽበት እንደሚመልሰን ይነግረናል። ብርታት በሁለት ድክመቶች መካከል የተሰጠን አጭር አደራ ነው። ደካማን የሚንቅ ትናንቱንና ነገውን ይንቃል።

ሦስተኛ፣ ጀግንነታቸውን በሥራቸው እንየው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሰኔ 2020 ለንደን ውስጥ በአንድ መናፈሻ ሁለት እህትማማቾች ልደት ሲያከብሩ አምሽተው በጩቤ ተገደሉ። ገዳዩ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ለዚህ ቡድን አስተሳሰብ ቅርብ የሆኑ የአጋንንት ጥሪ ጽሑፎችን ይከታተል ነበር። ፖሊስ ቤቱ ውስጥ ከአንድ ጋኔን ጋር የተዋዋለበትንና በደሙ የፈረመበትን ወረቀት አገኘ፦ እሱ ሴቶችን ሊገድል፣ ጋኔኑ ደግሞ ሎተሪ ሊያስወጣለትና በፖሊስ እንዳይጠረጠር ሊያደርግለት። ሎተሪው አልወጣለትም። ተያዘ፤ በ2021 ቢያንስ 35 ዓመት የሚታሰርበት የዕድሜ ልክ ቅጣት ተፈረደበት። ሱብሃነላህ! ቁርኣን በሱረቱ ኢብራሂም 22 ላይ የሸይጧንን የመጨረሻ ንግግር ይነግረናል፦ ቃል ገባሁላችሁ፣ አፈረስኩባችሁ፣ እኔ የጠራኋችሁ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ራሳችሁን ውቀሱ። ያ ልጅ ውሉን ሲፈርም የሌላኛው ወገን መልስ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር።

በዚያው ዓመት አንድ የአሜሪካ ወታደር የራሱ ጓዶች እንዲገደሉ የጦር ክፍሉን ምስጢር ለዚሁ ቡድን ተከታዮች አሳልፎ ሲሰጥ ተደረሰበት፤ 45 ዓመት ተፈረደበት። በመስከረም 2020 ደግሞ ቶሮንቶ ውስጥ የ58 ዓመት ወንድማችን፣ በኮሮና ዘመን የመስጂድ በር ላይ ተቀምጦ የሚገባውን ሰው ሲያስተናግድ በጩቤ ተገደለ። በተከሳሹ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ የዚህ ቡድን ምልክት እንደነበረ ተዘግቧል። በ2023 የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እንዲህ ካለው አስተሳሰብ ጋር የተሳሰሩ የኢንተርኔት መረቦች በአብዛኛው ከ8 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን እያስፈራሩ ራሳቸውን እንዲጎዱ እንደሚያደርጉ ገልጿል።

እንግዲህ «የጠንካሮቹ» ዒላማ እነማን ናቸው? በሌሊት ብቻቸውን የቀሩ ሴቶች፣ የሚያምኑህ ጓዶች፣ በር ላይ የተቀመጠ አባት፣ ሕፃናት። ከእነሱ የበረታን ሰው ፊት ለፊት የገጠሙበት የት አለ? ይህ በየትኛውም ቋንቋ ፈሪነት ነው።

ጥንካሬ ማየት ከፈለጋችሁ ሙሳን (ዐ.ሰ) ተመልከቱ። ከግብፅ ሸሽቶ፣ ደክሞና ተርቦ መድየን ደረሰ። ውሃው ዘንድ ጉልበተኞች ከብቶቻቸውን ያጠጣሉ፤ ሁለት ሴቶች ደግሞ በጎቻቸውን ይዘው ዳር ቆመዋል። ጉልበቱን ያዋለው ለሴቶቹ ውሃ በመቅዳት ነው። ከዚያ ወደ ጥላው ዞር ብሎ ችግሩን ለጌታው ነገረ። ከሴቶቹ አንዷ ለአባቷ ስትመሰክርለት ሁለት ባሕርያቱን አጣምራ ጠራች፦ ብርቱ ነው፣ ታማኝም ነው (አል-ቀሰስ 26)። ብርታት ከአማና ሲለይ ምን እንደሚሆን ከላይ አይታችኋል።

የእኛንም አገር ታሪክ አስታውሱ። ሰሃቦች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ሲመጡ ከደካማም ደካማ ነበሩ፤ ዘመድ የላቸውም፣ ጦር የላቸውም። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው አሳልፈህ ስጠን አሉ። ነጃሺ በዚያ ቡድን ሚዛን ቢመዝን ኖሮ ስጦታውን ተቀብሎ ስደተኞቹን ይሰጥ ነበር። እሱ ግን ሁለቱንም ወገን ሰማ፣ ስጦታውን መለሰ፣ ስደተኞቹን አስጠለለ። ዛሬ ስሙን በዱዓ የምናነሳው ማንን ስለረገጠ ነው? ማንንም ስላልረገጠ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ለራሴም ለእናንተም አላዘንኩም። ጭካኔ ልብስ ይቀይራል። ከዚህ ቡድን ጋር ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ዴቪድ ማያት የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ አንቶን ሎንግ እኔ አይደለሁም ብሎ ያስተባብላል። ይህ ሰው ለብዙ ዓመታት የናዚ አስተሳሰብ አራማጅ ነበር። በ1998 ሰለምኩ አለ፤ በእስልምና ስምም የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃቶችን የሚደግፍ ጽሑፍ ጻፈ። በኋላ ሃይማኖቱንም ትቶ ወጣ። ልቡን አላህ ያውቃል። እኛ ግን ትምህርቱን እንውሰድ፦ ጥላቻ በስዋስቲካ ሥርም፣ በሸይጧን ምልክት ሥርም፣ አልፎም በዲን ስም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ሲቀርብላችሁ በስሙ ብቻ አትመዝኑት። ደካማውን ምን ያደርገዋል ብላችሁ ጠይቁ። የቤት ሠራተኛዋን የምንሰድበው፣ በተኮላተፈ ልጅ የምንስቀው፣ የወደቀን ሰው «ይበለው» የምንለው እኛም ከዚያ ሚዛን ትንሽ ቁራጭ በኪሳችን ይዘናል።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ወንድሜ። እዝነት በደልን ዝም ብሎ መሸከም አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዳይን ከበደሉ መከልከል እሱን መርዳት እንደሆነ አስተምረውናል፤ ብርቱ ሰው ማለትም በትግል የሚጥል ሳይሆን ሲቆጣ ራሱን የሚገዛ እንደሆነ ነግረውናል። መብትህን ጠይቅ፣ «ተው» በል፣ ለሚሰማህ ሰው ተናገር፣ አስፈላጊ ከሆነ ክሰስ። የተጎዳህ መሆንህ እውነት ነው። እነዚያ ሰዎች ግን ቁስልህን ያዩት ሊያክሙት አይደለም፤ በእሱ በኩል ሊገቡ ነው። የበደሉህ ሰዎች ጨካኝ ሆኑብህ፤ አንተም ጨካኝ ብትሆን ያሸነፉት እነሱ ናቸው።

ሁላችሁም ዛሬ ከጁምዓ ስትመለሱ አንድ ነገር አድርጉ። ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን «በስልክ የሚያስፈራራሽ ሰው አለ? የሚያስፈራራህ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አለ ካሉ አትቆጡ፤ መልእክቱን ሳታጠፉ ለወላጅና ለፖሊስ አሳውቁ። ብርታታችሁ ከሚፈተንባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

አላህ ብርታታችንን ለደካሞች መጠለያ ያድርገው፤ ከ«እኔ እበልጣለሁ» በሽታ ልባችንን ይጠብቅልን። አሚን።

ሰለዋት አብዙ፣ ሱረቱል ካህፍን አትርሱ። ጁምዓ ሙባረክ!