መጀመሪያ የሚቀምሰው ማነው?

ሆላንድ ለኖረ ሰው የኢንዶኔዥያ ምግብ እንግዳ ነገር አይደለም። የቀድሞ ቅኝ ግዛት ምግብ ነውና በየከተማው ይሸጣል። እኛም በቅርቡ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብለን ነበር። ምግቡን የሚሠራው ሰው የባሊ ደሴት ተወላጅ ነው። አሳማ እንደማንበላ ስንነግረው ቅር ሳይለው በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ ዶሮ አቀረበልን። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ እርዱ፣ ድንብላሉ፣ ሚጥሚጣን የሚያስንቀው ቃሪያ! እናቴ ጓዳ የገባሁ መሰለኝ። ድብልቁን «ባሰ ገነፕ» ይሉታል፤ የተሟላ ቅመም ማለት ነው። (ስሙ ለእኛ ጆሮ ያስፈራል እንጂ የባሰ ነገር የለበትም።)

ሳመሰግነው ፈገግ አለና፣ እዚህ አገር ምግባችን የሚበላው ተገልብጦ ነው አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ባሊ ውስጥ የዕለቱ ምግብ እንደበሰለ ማንም ዘሎ አይቀምስም። በቁራጭ የሙዝ ቅጠል ላይ ቆንጠር ያለች ሩዝ ተደርጋ በምድጃው፣ በውሃው ቦታ፣ በቤቱ መቅደስ ትቀመጣለች፤ ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው። በየ210 ቀኑ የሚመጣው የጋሉንጋን በዓል ሲደርስም እንደዚያው ነው። በዋዜማው ወንዶቹ ተሰብስበው አሳማ ያርዳሉ፣ ሥጋውን ከኮኮናትና ከቅመም ጋር ይከትፋሉ፤ ለአማልክቱ የሚቀርበው ቀርቦ ሲመለስ ሰው ይበላዋል። እንግዲህ የባሊ ሰው የሚበላው ትራፊ ነው፤ ክብሩም ትራፊ መሆኑ ላይ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ግን ቀዳሚው ከፋዩ ነው።

ታዲያ እኔ የባሊን ምግብ በላሁ ማለት እችላለሁ?

ሥርዓቱን የማያውቅ አይብላ የሚሉ አሉ። ይህ ለእኔ ግብዝነት ነው። ስደተኛ ልጆቹን የሚያሳድገው ምግቡን ለማያውቀው ሰው በመሸጥ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ክትፎ የሚያዝዘውን አሜሪካዊ፣ መስቀል በጉራጌ አገር እንዴት እንደሚከበር ስላላወቀ ሌባ አንለውም፤ እንዲያውም ደስ ይለናል። ሌሎች ደግሞ ምግብ ምግብ ነው፣ ዋናው መጣፈጡ ነው ይላሉ። እኔም ከእነዚህ ወገን ሆኜ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ።

አሁን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። መገልበጡን የጀመረው ምግብ ቤት አይደለም። ሆላንዶች የሚወዱት፣ በብዙ ትናንሽ ሳህኖች የሚደረደረው «ራይስታፈል» የቅኝ ግዛት ዘመን ገበታ ነው፤ ጌታው ተቀምጦ አሽከሮች አንዳንድ ሳህን ይዘው ተሰልፈው ያቀርቡለት ነበር። ባሊም ብትሆን በሰላም አልተያዘችም። እ.ኤ.አ. በ1906 የባዱንግ ንጉሥ ከነቤተሰቡና ከነተከታዮቹ እጅ ከመስጠት ይልቅ ነጭ ለብሶ ወደ ሆላንድ ጦር ጠመንጃ ሄዶ አለቀ።

በሌላ በኩል በምሥራቅ ባሊ፣ በካራንጋሰም፣ «መጊቡንግ» የሚባል አበላል አለ። በጥንቱ ደንብ ስምንት ስምንት ሆነው አንድ የሩዝ ክምር ከበው በእጃቸው ይበላሉ። ከእጅ የወደቀ ወደ ገበታው አይመለስም፤ ባልንጀራው ሳይጨርስም የሚነሳ የለም። ከባሕር ማዶ፣ በጎረቤቷ ደሴት በሎምቦክ የሚኖሩ ሙስሊሞችም ይህ አበላል አላቸው። አሳማው የለም፤ ከብቦ መብላቱ ግን አለ። በአንድ ገበታ ለአደግነው ለእኛ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም። ዶሮዬን ስበላ ቅመሙ ሁሉ ተሟልቶ ነበር፤ የጎደለው ተራው ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሒሳብ ልንከፍል ስንነሳ ልጄ ከምድጃው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች ቁራጭ ቅጠል አየች። በላይዋ ጥቂት የሩዝ ፍሬዎች ነበሩ። ሰውየው በየቀኑ በሩን ለደንበኛ ከመክፈቱ በፊት እንደሚያስቀምጣት ነገራት። ለካ ያን ቀን ገንዘብ የከፈልኩት እኔ ሁለተኛ ኖሬአለሁ! ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ባለቤቴ ወጡን ስታወጣ ልጄ፣ «እኛስ መጀመሪያ የምንሰጠው ለማነው?» ብላ ጠየቀችን።

«ለእንግዳ ነው» አልኳት።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። እንግዳ ቤታችን ከገባ ስንት ወር እንደሆነው ሁለታችንም እየቆጠርን ነበር።