ማየትና መታየት

በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች በእውነት የሚተዋወቁት በስብሰባ ሳይሆን በደረጃ ላይ፣ በቡና ሰዓትና በበር አጠገብ በሚለዋወጡት ቃል ነው። ታዲያ ተራርቀው የሚሠሩ ባልደረቦች ይህን ያልታሰበ ግንኙነት ከወዴት ያገኙታል?

ጥያቄው የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የዜሮክስ ኩባንያ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የፓሎ አልቶንና የፖርትላንድን የጋራ ክፍሎቻቸውን ቀኑን ሙሉ በማይዘጋ የቪዲዮ መስመር አገናኙ። በመካከላቸው ወደ 900 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በዚያ የሚያልፈው በዚህ ያለውን ያለ ቀጠሮ ሰላም ይለው ነበር። ሰው ብቻውን ይኖር ዘንድ እንዳልተፈጠረ ለምናምን ለእኛ ይህ ምኞት የሚናቅ አይደለም። ሐዋርያው ዮሐንስም ቢሆን በወረቀትና በቀለም ከመጻፍ ይልቅ ፊት ለፊት መነጋገርን መርጦአል።

ይሁን እንጂ የሚያየው ሳይታይ የሚያይበት መስኮት መስኮት ሳይሆን የዘበኛ ቀዳዳ ነው። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የነበሩት የዚያው ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህን ቀድመው የተረዱ ይመስለኛል። አንዱ ባልደረባውን ለጥቂት ሰኮንዶች በካሜራ ሊያይ ሲሻ፣ አስቀድሞ በዚያኛው ክፍል የበር መከፈት ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ማን ሊያየው እንደሚችል የሚወስነውም የሚታየው ሰው ራሱ ነበረ። የእኛ ሰው ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ሳይል እንደማይገባ ሁሉ ማለት ነው።

ይህ ድምፅ ሲቀርስ? እ.ኤ.አ. በ2022 በኔዘርላንድስ የቲልበርግ ፍርድ ቤት፣ ካሜራውን በቀን ለ9 ሰዓታት ክፍት እንዲያደርግ ታዝዞ እምቢ በማለቱ የተባረረ የአንድን ሠራተኛ ጉዳይ ተመልክቶ፣ ትእዛዙ የግል ሕይወቱን መብት ስለሚጥስ መባረሩ ሕጋዊ አይደለም ሲል ፈረደ። መሣሪያው ያው ካሜራ ነው፤ በካምብሪጅ ሰው ይጎበኝበት ነበር፣ እዚህ ግን ሰው እንደ ዕቃ ይጠበቅበታል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት ያስጠነቀቁትም ሠራተኛው መሣሪያ ብቻ ሆኖ እንዳይቆጠር ነበር። «ሠራተኛው ፈቅዶ ነው» የሚለው መልስ አያጠግበኝም። እንጀራው በአለቃው እጅ ያለ ሰው እምቢ ማለት ምን ያህል ይቻለዋል? ወዳጅነትስ በትእዛዝ ይሆናልን?

በየመንደሩ የተበተኑ ካቴኪስቶቻችን በቪዲዮ ሲሰበሰቡ ጉዳዩ እንዳለቀ መስመሩን ለመዝጋት እንሽቀዳደማለን፤ እኔም ጭምር። ባለፈው ወር ግን አንዲት እኅት ሳትዘጋ ዘገየች። እናቷ መታመማቸውን የነገረችን ያን ጊዜ ነው።