ተሳላሚና ጐብኚ

ሰው ቤቱን ትቶ ወደ ሩቅ አገር የሚሔድበት ምክንያት ብዙ ነው። ነጋዴው ትርፍ ፍለጋ፣ ሕመምተኛው ጠበል ፍለጋ፣ የቆሎ ተማሪው መምህር ፍለጋ ይሔዳል፤ ተሳላሚውም ስእለቱን ሊያገባ ይሔዳል። በዘመናችን ግን ከእነዚህ ከአንዱም ጋራ የማይቈጠር መንገደኛ በዝቷል፤ ይኸውም ለማየት ብቻ የሚሔደው ነው። የሚሸጠው ዕቃ፣ የተሳለው ስእለት የለውም፤ የተራራውን መልክ፣ የጥንቱን ሕንጻ፣ የሕዝቡን ሥርዐት አይቶ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ተቀደሰ ስፍራ ሲገባ ያለ አግባብ ገብቷልን? ወይስ ዐይንን የሰጠ አምላክ ያማረውን ነገር እንድናይ ስለ ኾነ ነቀፋ የለበትም? ጥያቄው የፈረንጅ ብቻ አይምሰለን። በዐውደ ዓመት ከአዲስ አበባ ተነሥተን ላሊበላን፣ አክሱምን፣ የጣናን ገዳማት የምንዞር የከተማ ሰዎች ከፈረንጁ ይልቅ መልሱን ልንሰጥ ይገባናል።

እኔን ወደዚህ ነገር የመሩኝ በላሊበላ ያገኘኋቸው አንዲት ባልቴት ናቸው። የልደት በዓል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ፣ ከቤተ ማርያም አጠገብ ከዐለቱ ሥር ተቀምጠው ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግሙ ነበር። ብርሃኑ በነጠላቸው ላይ ሲያርፍ እጅግ ያማረ መስሎ ስለ ታየኝ፣ ሳላስፈቅድ ስልኬን አንሥቼ ሥዕላቸውን ወሰድሁ። እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ነገር ግን እንዳላፍር አስበው ይመስለኛል፣ ጥቂት ቈይተው፦

«ልጄ፣ ከየት መጣህ?» አሉኝ።

«ከአዲስ አበባ፣ እማሆይ።»

«ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«በአይሮፕላን ነው የመጣሁ፤ አንድ ሰዓት ያኽል ነው።»

እሳቸው ከበለሳ ተነሥተው ዘጠኝ ቀን በእግራቸው ተጕዘዋል። ነገሬን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያ ልብህ ገና መንገድ ላይ ነዋ!» ብለው ከዳቦ ቆሏቸው ዘግነው ሰጡኝ። ሥዕሉን የዚያኑ ዕለት ማታ አጠፋሁት።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር በላሊበላ መነገሩ የበለጠ ያሳስባል። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት እንደሚተረከው፣ ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላ እነዚያን ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ፈልፍሎ ያሠራው፣ ሕዝቡ ኢየሩሳሌምን እሳለማለሁ እያለ በበረሓና በባሕር እንዳያልቅ፣ በአገሩ ሳለ ኢየሩሳሌምን እንዲያገኝ ነው። ስለዚህ ወንዙ ዮርዳኖስ ተባለ፤ ጎልጎታም ደብረ ዘይትም በዚያው ይገኛሉ። እንግዲህ ስፍራው የተሠራው የመንገደኛን ድካም ለማሳረፍ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ሰውን ከመንገድ ያሳርፍ ዘንድ የታነጸው ስፍራ የዓለምን ሰው ኹሉ ወደ መንገድ ይጠራል። በፈረንጆች አቈጣጠር (ዓመቶቹን ኹሉ በዚሁ እጽፋለሁ) በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ አገራችን የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እነዚህን ሕንጻዎች አይቶ፣ የጻፍሁትን የሚያምነኝ አይገኝም ብሎ ስለ ፈራ እውነት መኾኑን በመሐላ አጽንቶ ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ታተመ። በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፋቸው። ከዚያ ወዲህ መሐላ የሚያሻው ሰው የለም፤ ኹሉም ሥዕሉን አስቀድሞ አይቶ ይመጣል፤ ሲደርስም የሚፈልገው ያንኑ ሥዕል ነው።

ጥንት አባቶችም በዚህ ነገር አንድ አሳብ አልነበራቸውም። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ራሱ ኢየሩሳሌምን አይቶ ከተመለሰ በኋላ በጻፈው መልእክት፣ ቦታ መለወጥ ሰውን ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ፣ በመንገድ ያለውም ማደሪያ ለመነኮሳት ፈተና እንደ ኾነ አስረድቷል። በዚያው ዘመን ግን ኤገርያ የምትባል ሴት ከምዕራብ አገር ተነሥታ ሲናንና ኢየሩሳሌምን ዞራ፣ የመንገዷን ታሪክ ለእኅቶቿ ጽፋ ትታለች። የዚህች ሴት ልማድ ያስደንቃል፤ ከስፍራው ስትደርስ ስለዚያ ስፍራ የተጻፈውን ከመጽሐፍ ታስነብባለች፣ ትጸልያለች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ትሔዳለች። እኔ የጎርጎርዮስን ተግሣጽ ብቀበልም፣ ልቤ ወደ ኤገርያ ያደላል። ኤገርያ ማየት ትወድ ነበር፤ ያላየችው እንዳይቀርባት ተራራ ትወጣ ነበር፤ ይህም ኃጢአት አልኾነባትም። የምታየውን ነገር ለማዳመጥ ትቆም ነበርና።

ከዚህ ላይ የቋንቋችንን ቃል ልብ እንበል። ዛሬ «ጐበኘ» ስንል ዞሮ ማየትን ብቻ እናስባለን። በመጽሐፍ ግን ካህኑ ዘካርያስ አፉ በተፈታ ጊዜ ያመሰገነው አምላክ ሕዝቡን ስለ ጐበኘ ነበር። እግዚአብሔር ሲጐበኝ የመጣው መልካችንን ሊያይ አይደለም፤ ሊቤዥ መጣ። እኛስ የሰውን አገር ጐበኘን ስንል ምን ይዘን ሔድን? በቃሉ እየተጠራን ግብሩን ጥለነዋል ብዬ እፈራለሁ።

ዐይን ብቻውን ሲሔድ እጅ ይከተለዋል፤ ይህም ከታሪክ የታወቀ ነው። ከ1931 እስከ 1933 ድረስ ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዙ የፈረንሳይ ሊቃውንት በ1932 ጎንደር ደርሰው በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ሥዕል ካደነቁ በኋላ፣ በምትኩ ሌላ አስለው የጥንቱን ከግድግዳው አንሥተው ወሰዱ፤ ዛሬም በፓሪስ ቤተ መዘክር ይገኛል። አድናቆታቸው ሐሰት አልነበረም፤ እንዲያውም እጅግ ስለ ወደዱት ነው የወሰዱት። በላሊበላም በቤተ መድኃኔ ዓለም ይኖር የነበረው፣ ሕዝብ ይባረክበት የነበረው «አፍሮ አይገባ» የተባለው መስቀል በ1997 ተሰርቆ ከአንድ የቤልጂግ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ነበር፤ በ1999 ተመልሷል። ገዢ ባለበት ሻጭ አለና፣ በዚህ ነገር እንግዳውን ብቻ መክሰስ አይቻለንም።

እንግዲህ ጐብኚውን እንከልክል የሚል ይኖራል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የላሊበላ ከተማ ሰው እንጀራ በእንግዳው እግር ላይ የተመሠረተ ነው፤ መንገድ መሪው፣ በቅሎ አከራዩ፣ የእንግዳ ማረፊያ ያለው፣ መስቀል ቀርጾ የሚሸጠው ኹሉ ከእርሱ ይኖራል። በ2020 በወረርሽኙ፣ ከዚያም በ2021 ጦርነቱ እስከ ከተማይቱ በደረሰ ጊዜ የእንግዳ መንገድ ቢቋረጥ፣ የእነዚህ ሰዎች ቤት ተራበ። ስለ ቅድስና እየተናገርን የድኻውን ምሳ መዝጋት አይገባም። ደግሞም ለማየት መጥቶ አማኝ ኾኖ የሚመለስ እንዳለ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው።

ነቀፋዬ ከሌላ ላይ ነው። በአገራችን ሥርዐት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲደርስ አስቀድሞ ደጁን ይሳለማል። ጫማውን ያወልቃል፤ ራሱን የሚመረምር ከኾነም፣ ዛሬ አልበቃሁም ብሎ ከቅጥሩ ውጭ ይቆማል፣ ግድግዳውን ስሞ ይመለሳል። ዘጠኝ ቀን በእግሯ የመጣች ባልቴት ከደጅ ትቆማለች፤ የመግቢያውን ዋጋ የከፈለ የአንድ ሰዓት መንገደኛ ግን ቅዳሴ እየተቀደሰ እስከ መጋረጃው ድረስ ገብቶ ብርሃን ያበራል። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርሁ። የከፈልሁት ገንዘብ ኹሉን ነገር የማየት መብት የሰጠኝ መስሎኝ ነበር፤ አንድ ነገር እንኳ ሳላይ ብቀር እንደ ተበደልሁ እቈጥረው ነበር። በደሉ ከዚህ ላይ ይመስለኛል። የተራራው ውበት ቢታይ አይጐድልም፤ የዐለቱም ሕንጻ እንዲሁ። የሚጸልይ ሰው ፊት ግን የባለቤቱና የአምላኩ ነው፤ በትኬት አይገዛም።

ካህናት አባቶቻችንም፣ በትሕትና እናገራለሁ፣ በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። እንግዳው ሥርዐቱን ካላወቀ የሚያስተምረው ማን ነው? በቅዳሴ ሰዓት ደጁ ለተሳላሚ ብቻ ቢከፈት፣ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ሰዓትና ስፍራ ተለይቶ ቢነገር፣ ጐብኚው የሚከፋው አይመስለኝም። መስቀሉን ፎቶግራፍ እንዲመች አድርጎ ወደ ፀሓይ የሚያዞር እጅ ግን እንግዳውን ያሳስተዋል፤ ያ መስቀል ሊባረክበት የወጣ መኾኑን በምን ያውቃል?

በበዓሉ ሌሊት ወደ ቤተ ማርያም አልገባሁም። ከአፋፉ ላይ ቆሜ፣ «ቤዛ ኵሉ» ሲዘመር ከነጫጭ ነጠላዎች መካከል ኾኜ ሰማሁ። እኒያን ባልቴት ፈልጌ አላገኘኋቸውም። ቤተ ጎልጎታንም ሳላይ ተመለስሁ። ወዳጆቼ ውስጡ ምን ይመስላል ብለው ሲጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ፤ እነርሱም ያን ኹሉ ገንዘብ ከፍሎ ሔዶ ሳያይ መጣ ብለው ይሥቁብኛል።