ከጎተራ እስከ መማሪያ ክፍል

ሊማሊሞን ጨርሶ ደባርቅ ለወጣ መንገደኛ አገሩ የገብስ አገር ነው። ለቆሎ፣ ለበሶ፣ ለጠላ የሚሻለው የቱ እንደሆነ፣ ውርጭ የሚችለውስ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ቢሮ መግባት አያስፈልግም፤ ዘሩን ለቅማ፣ ከነቀዝ ጠብቃ ለመጪው ክረምት የምታቆየው የቤቱ እመቤት ታውቀዋለች። ይህ የጓዳ ወሬ ነው የሚል ምሁር ካለ ካሊፎርኒያን ይጠይቅ፤ እዚያ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የመከተው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ዘር ትውልድ በትውልድ እየመረጡ ያቆዩትን እናቶችና አባቶች ማን በስም ይጠራቸዋል?

እናንተ መጠይቅ ይዛችሁ ወደ ቀበሌ የምትወርዱ መምህራን፣ ይህ ምክር ለእናንተ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከደባርቅ አጠገብ ባለችው ዳባት ላይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነዋሪውን ልደት፣ ሞትና ጤና ይከታተላል፤ የዳባት እናቶች ስንት ጥያቄ መልሰዋል! ውጤቱን ተመልሳችሁ በአማርኛ ንገሯቸው። ስለ ዘር ያስተማረቻችሁን ሴት፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ በስሟ ጥቀሷት። ክፍል ጋብዟት፤ እንደማንኛውም እንግዳ መምህር አበል ይከፈላት።

ሴት መምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለችም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ጎጃም ውስጥ ቅኔ አስተምረዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን የአገር መድኃኒት ዕፅዋትን ቤተ ሙከራ አስገብተው መርምረዋል። ከፍኖተ ሰላም ገበሬ ቤት የወጡት ፕሮፌሰር ሰገነት ቀለሙ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ለዓመታት መርተዋል።

አባት ሆይ፣ ሴት ልጅህን ዩኒቨርሲቲ መላክህ ደግ ነው። ጎብዛ ለማስተማር ስትቀር ግን «መቼ ነው የምታገቢው?» እያልህ አታጣድፋት። ባልም ብትሆን፣ ሚስትህ ለሁለተኛ ዲግሪ ስትነሳ ልጆቹን ያዝላት። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችም፣ በየኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ የምታደርጓት አንዲት መምህርት አለቻችሁ (ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ መሆኑ ነው!)፤ አንዳንዴ ወንዱ ይጻፍ፣ እሷ ሰብሳቢ ትሁን፤ ለምርምር የምትቀመጥበት ሰዓትም አትንፈጓት።

አንቺም የዳባት ልጅ፣ የምርምር ርዕስ ስትመርጪ መጀመሪያ እናትሽ ጎተራ ሥር ቁጭ በይ። ዘሩን ለምን እንደዚያ እንደምትለይ አንድ በአንድ ጠይቂያት፤ መልሷን መዝግቢ፣ ከዚያ ማሳ ላይ ፈትኚው። ገምጋሚው ቢያንቋሽሽ የማሳውን ውጤት አሳዪው።