ዓሣ በመስታወት ቤት፦ የግዛትና የአደራ ጥያቄ

አኳሪየም ዓሣንና ሌላውን የውሃ ፍጥረት በመስታወት ግድግዳ ውስጥ እያኖረ ለሕዝብ የሚያሳይ ቤት ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1853 በለንደን ተከፈተ። በምዕራብ ጎጃም ፍኖተ ሰላምም ሆነች ቡሬ እንዲህ ያለ ቤት የላቸውም፤ ነገር ግን በዱባይ ወይም በአትላንታ የሚኖር የአካባቢው ተወላጅ ልጆቹን ይዞ ሊያይ የሚሄደው አንዱ ነገር ይኸው ነው። የሃይማኖቱ ጥያቄ የሚነሣውም በዚያው መስታወት ፊት ነው፦ ፍጥረትን ለማየት ሲባል ፍጥረትን ማሰር ይገባል ወይ?

ይገባል የሚል ሰው ዘፍጥረት 1ን ይጠቅሳል። ዓሣ ሐሙስ ዕለት ተፈጠረ፤ ዓርብ የተፈጠረው ሰው የባሕርን ዓሣ እንዲገዛ ሥልጣን ተቀበለ። ይሁን እንጂ በምዕራፍ 2 አዳም ስም ሲያወጣ የሚነሡት እንስሳት፣ አራዊትና አዕዋፍ ናቸው፤ ዓሣ አልተነሣም። ኖኅም መርከብ ሲሞላ ዓሣ አላስገባም፤ የጥፋት ውሃ ለዓሣ ቤቱ ነበርና። በመጽሐፈ ኢዮብ እግዚአብሔር ሌዋታን የተባለውን የባሕር አውሬ እንደ ወፍ አስሮ ለልጃገረዶች መጫወቻ ማድረግ ይችል እንደሆነ ኢዮብን ይጠይቀዋል። ኢዮብ አልችልም እንዲል የተጠየቀውን፣ የዛሬ ሰው ትኬት ቆርጦ ያሳያል።

ግዛት ሲባል እንደልብ ማድረግ ነው ወይስ አደራ መጠበቅ? ምዕራብ ጎጃም ለዚህ የራሱ ትውፊት አለው። አቡነ ዘርዐ ብሩክ ለእስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ሰከላ ላይ ለግሽ ዓባይ ምንጭ አደራ ሰጡ፤ ሲመለሱም ሳይበላሹ ተረከቡ ይባላል። በዚህ ታሪክ ውሃው የሰውን አደራ ጠብቋል፤ ሰውም የውሃውን ሊጠብቅ ይገባዋል ማለት ከዚህ የራቀ ትርጓሜ አይሆንም።

በአደራ ሚዛን አኳሪየም ሁሉ እኩል አይደለም። በአትላንታ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው የጆርጂያ አኳሪየም ዌል ሻርክ የተባሉ ግዙፍ ዓሦችን ከታይዋን በአውሮፕላን አስመጣ፤ ሁለቱ በ2007 ሞቱ። ይህ ዓሣ በውቅያኖስ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደታች ይጠልቃል፤ የገንዳው ጥልቀት ግን 10 ሜትር አይሞላም። በገንዳ ውስጥ የሚታየው አካሉ እንጂ ኑሮው አይደለም።

ቆሮሶ የተባለው የጣና ዓሣ ነገር ሌላ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተግተልትለው ወደ አፏ ይገባሉ። ይህን በደፈረሰ ውሃ ማየት ያዳግታል፤ በመስታወት ግን ሕፃን ልጅ እንኳ ያየዋል። ቆሮሶ በጠባብ ኩሬም ይራባል፤ ስለዚህ ከእርሱ የሚወሰደው ጥቂት ነው፤ የሚገኘው እውቀት ግን ብዙ ነው። የገጠር ልጅ ዓሣን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከውሃ ከወጣ በኋላ ነው፤ ሕያውነቱን ላላየው ነገር ደግሞ መራራት ይከብዳል።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ነው፦ በገንዳ ውስጥ እንደ ተፈጥሮው መኖርና መራባት የሚችለውን ማሳየት ከአደራ አይወጣም፤ የውቅያኖስ ተጓዡን ማሰር ግን ይወጣል። ዓሣ ለማጥመድ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ላይ የሚበትን ሰውም አኳሪየምን ለመውቀስ አፍ የለውም። ፍሬው ውሃው ውስጥ ሲገባ ትልቁም ትንሹም ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል፤ ሰውየው የሚፈልገውን ለቅሞ ሲሄድ ጫጩቱ እዚያው ይቀራል። ይህ ከመስታወቱ የባሰ በደል ነው።