ከሥልጠናው አዳራሽ ስትወጪ

ልጄ፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል «ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የነበረኝ ስሜት ተመለሰ» አልሽኝ። ባንክ ከገባሽ ወዲህ ስለ ፍትሕ ማውራት የልጅነት ነገር መስሎሽ ከርሟል፤ መምህሩ ማቴዎስ 25ን ሲያብራሩ ግን ልብሽ ተነካ። እሰይ! ደስ ብሎኛል። ግን «እሰይ» ብዬ ብቻ ዝም ካልኩ ሽማግሌነቴ ምን ሊበጅሽ ነው?

ስሜቱ ለሃይማኖታችን እንግዳ አይደለም። ቅዳሴው በስሙ የሚጠራው ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቂሳርያ ላይ ረሃብ ሲገባ፣ ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጸጎች በስብከቱ ሞግቷል። ለድሆችና ለሕሙማን መጠለያ ያሠራውም እሱ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅም የሀብታሙንና የቤተ መንግሥቱን ቅንጦት ሲነቅፍ ጠላት አፈራ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ407 በስደት ላይ አረፈ። እነሱ ዘንድ ማብላትና መሟገት አልተለያዩም። የለየናቸው እኛ ነን።

የእኔ ዘመን ተማሪ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ ወጣ። በዓመቱ ደግሞ ለማኞች ከጎዳና እየታፈሱ የሚታጎሩበትን የሾላ ካምፕ ጉዳይ አንስቶ «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ዛሬም ያምመኛል። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ግን ያው ትውልድ በድሃው ስም እርስ በርሱ ተላለቀ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበት። እኔ በዓይኔ ያየሁት ይህን ነው፦ ስለ ሰፊው ሕዝብ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከር የሚያድር ልጅ፣ ልብሱን የምታጥብለትን ሴት ስም አያውቅም ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ምጽዋታችንም ከዚህ አይሻልም። ለአንዲት እናት ዓመት ሙሉ ሳንቲም እንጥልላታለን፤ «እዚህ ምን አስቀመጠሽ?» ያላት ግን የለም። ባለፈው ከእናንተ ከሠልጣኞቹ መሃል አንዷ ስትጠይቃት መልሷ ምን ነበር? መታወቂያ የለኝም። ከገጠር ስትመጣ መሸኛ አልያዘችም፤ ተመልሳ እንዳታመጣ መሳፈሪያ የላትም። መታወቂያ ከሌላት ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በከተሞች የተጀመረው ሴፍቲኔትም፣ የጤና መድኑም አይነካትም፤ የሚመለመለው ከተመዘገበ ነዋሪ ነዋ። እንግዲህ ዳቦውን ስጫት፣ ወረቀቱንም አብረሽ አሳድጅላት።

ይህ ሥራ አያስመሰግንም። «ሲስተም የለም» ትባያለሽ፤ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ትባያለሽ። አዳራሽ ውስጥ የነደደ ልብ ወረዳ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀዘቅዛል፤ እንዳይገርምሽ። የወረዳው ሠራተኛ ላይ አትጩኺ፣ የእሷም ደመወዝ ወር አያደርሳትም። ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ፣ ቀሪውን ያዢ፣ የገባበትን ቁጥርና ቀን መዝግቢ። የብዙ እናቶች ጉዳይ በዚያው በመሸኛ ሰበብ የሚቆም ከሆነ፣ ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ አድርገሽ፣ የሰበካ ጉባኤውን ማኅተም አስመትተሽ ክፍለ ከተማ አድርሺው። ምጽዋት ፍትሕ ወደ መሆን የሚሻገረው እዚያ ጋ ይመስለኛል። አንዳንድ አገልጋይ «ይሄማ ፖለቲካ ነው» ይልሽ ይሆናል። ባስልዮስንም ሳይሉት አልቀሩም።

ፎቶ ላይ ጥብቅ ነኝ። ዳቦ ስትቀበል ፊቷን ቀርጾ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፍ፣ ልጇ ትምህርት ቤት ውስጥ ከጓደኞቹ ስልክ ላይ እንደሚያያት አላሰበም። ለሪፖርት የግድ ነው ካሏችሁ የዳቦውን ከረጢት አንሱ።

የዚያችን እናት ስም ጠይቂ። ቀጠሮዋን ለሰኞ አታድርጊ፣ ሰኞ ሰው ይበዛል። ረቡዕ ጠዋት ከባንክ ፈቃድ ውሰጂና የሚያውቋት ሁለት ምስክሮች ይዛችሁ ወረዳ ሂዱ። ቆሎና ውኃ አትርሺ፣ ወረፋው ረጅም ነው።