ከቅርጹ ቀጥለህ ሥራውን ጠይቅ

ልጄ፣ አሰላም ተማር በቆጂ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም የሚቀርብልህ በእንግሊዝኛ ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይም የተፈጥሮ ሳይንስ ብትመርጥ የማኅበራዊ ሳይንስ፣ ከእንግሊዝኛ አታመልጥም። ስለዚህ ስለ ፍሬዝና ስለ ክሎዝ የምመክርህን የአንድ ክፍለ ጊዜ ጉዳይ አድርገህ አትየው። ረጅም ዐረፍተ ነገር መፍታት የማይችል ተማሪ የሌላውንም ትምህርት በጨረፍታ ነው የሚያገኘው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምር። አንድ የቃላት ስብስብ ሲሰጥህ ሁለት ጥያቄ ለየብቻ ጠይቅ። አንደኛው «ከምን ተሠራ?» ነው፤ መምህራን ፎርም የሚሉት ይህን ነው። ሁለተኛው «እዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ምን ሥራ ይሠራል?» ነው፤ ፈንክሽን የሚባለው እሱ ነው። የአርሲ ገብስ ቤት ሲቀር በሶና ጠላ ይሆናል፤ አሰላ ብቅል ፋብሪካ ሲገባ ደግሞ ለቢራ ይውላል፤ ገብስነቱ ግን ያው ነው። ሁለቱን ጥያቄ የሚያምታታ ተማሪ አንዱንም በትክክል አይመልስም።

ቅርጹን ለመለየት፣ ስብስቡ የራሱ ባለቤትና በጊዜ የተዘረዘረ ግስ እንዳለው እይ። «አፍተር ዘ ሬይን» ፍሬዝ ነው፤ ግስ የለውም። «አፍተር ዘ ሬይን ስቶፕድ» ግን ክሎዝ ነው፤ ባለቤቱ ዝናቡ ነው፣ ግሱም «ስቶፕድ» አለ። በቅርጽ ይለያያሉ፤ በሥራ ግን አንድ ናቸው። ሁለቱም «መቼ?» ለሚለው ስለሚመልሱ አድቨርቢያል እንላቸዋለን።

አሁን ተቃራኒውን እይ። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ እንዳገኘች በአርሲ የማያውቅ ልጅ የለምና በእሷ ላስረዳህ። «አይ ኖው ዛት ደራርቱ ወን ኢን ባርሴሎና» የሚለውን ያዝ። ቀጥለህ «ዘ ሬስ ዛት ደራርቱ ወን ኢን ባርሴሎና ዋዝ ሎንግ» የሚለውን አንብብ። ከ«ዛት» እስከ «ባርሴሎና» ያለው በሁለቱም አንድ ነው፤ አንዲት ቃል አልተለወጠችም። ሥራው ግን ለየቅል ነው። በመጀመሪያው ላይ ክሎዙን አንሥተህ በቦታው «ኢት» ብትተካ «አይ ኖው ኢት» ይሆናል፤ ዐረፍተ ነገሩ ይቆማል። እንግዲያው የስም ሥራ ነው የያዘው፣ ናውን ክሎዝ ነው። በሁለተኛው ላይ «ኢት» ብትተካ ዐረፍተ ነገሩ ይበላሻል፤ ምክንያቱም ክሎዙ «የትኛው ውድድር?» ለሚለው እየመለሰ «ሬስ» የሚለውን ስም ይገልጻል። አድጀክቲቭ ክሎዝ ነው። «ዛት ካለ ናውን ክሎዝ ነው» እያሉ የሚሸመድዱ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አንተ በመነሻው ቃል አትፍረድ።

ከተጠራጠርህ ወደ ራስህ ቋንቋ መልሰው። የመጀመሪያው «እንዳሸነፈች አውቃለሁ» ሲሆን ሁለተኛው «ያሸነፈችው ውድድር» ይሆናል። አማርኛ ሥራውን በግሱ ላይ ምልክት አድርጎ ያሳያል፤ እንግሊዝኛ ግን ብዙውን ጊዜ በቦታ ብቻ ነው የሚለየው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ስታነብ ቃሉ የት እንደተቀመጠ ማየት ግዴታህ ነው።

ይህ በባዮሎጂ መጽሐፍህም ይገጥምሃል። «ዘ ሬድ ብለድ ሴልስ ዛት ቦን ማሮው ፕሮዲውስስ ካሪ ኦክስጅን» የሚለውን የሮጠ አንባቢ መቅኔው ኦክስጅን ይሸከማል ብሎ ሊረዳው ይችላል። ከ«ዛት» እስከ «ፕሮዲውስስ» ያለውን በቅንፍ ብታስገባው ግን የሚሸከሙት ቀይ የደም ሴሎች እንደሆኑ ወዲያው ይገለጥልሃል። አፍህን የፈታኸው በአፋን ኦሮሞ ከሆነ እዚህ ላይ አንድ እርምጃ ትቀድማለህ፤ በአፋን ኦሮሞም ገላጩ ስሙን ተከትሎ ይመጣልና። አማርኛ ገላጩን ስለሚያስቀድም የአማርኛ ተናጋሪው የበለጠ መልመድ አለበት። ግሱን ወደ መጨረሻ ማድረግ ግን የሁለቱም ቋንቋዎች ጠባይ ነውና ዋናውን ግስ ቀድሞ መፈለግን ሁላችሁም ልመዱ።

ልጄ፣ ይህን ለማወቅ ውድ መጽሐፍም አስጠኚም አያስፈልግህም። ዛሬ ማታ ከመማሪያ መጽሐፍህ አንድ አንቀጽ ምረጥ። በየዐረፍተ ነገሩ ዋናውን ግስ አስምርበት፤ ክሎዞቹን በቅንፍ ለያቸው፤ ከየአንዳንዱ ሥር ቅርጹንና ሥራውን ጻፍ። በማግስቱ መምህርህን አሳይና የተሳሳትኸውን አርም። ይህን ሳትሰለች ብትሠራ ፈተናውን ታልፋለህ፤ ከፈተናው በኋላም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሰው ሳያስረዳህ በራስህ አንብበህ የምትረዳ ሰው ትሆናለህ።